ጥቁር እንግዳ

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ የገባችበት ቀን ሃያ ሁለት ነበር፤ የኡራኤል ዕለት። የእናቴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ በወሩ ሃያ ሁለት አስቀድሶ የወጣ ዘመድ ሁሉ ቡና ሳይቀምስ አያልፍም። እናቴ ጀበናውን ከከሰሉ አንስታ ማቶቱ ላይ እያስቀመጠች፣ "ለመሆኑ ትምህርትሽ አለቀ?" አለቻት።

"ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው እማማ።"

"እሰይ! እንግዲህ ደም ብዛቴን አንቺው ትለኪልኛለሽ።"

"የሰው ዶክተር እኮ አይደለሁም እማማ።"

"ታዲያ የከብት ነሽ?"

ሳቃችን ሲበርድ ልጅቷ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክና ሐሳብ እንደምታጠና ለማስረዳት ሞከረች። እናቴ ሲኒውን እንደያዘች ቆየች። "ጥቁር የትኛው?" አለች። "እነሱም፣ እኛም፣ ሁላችንም" አለች ልጅቷ። እናቴ የገዛ እጇን አገላብጣ አየችና፣ "እኔ ጠይም ነኝ" አለች። ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች፦ "ጥቁር ከፈለግሽ አጎትሽ አለልሽ።"

ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና የቃል ጠብ ሳይ እጄን ይበላኛል። እዚያ ረከቦት አጠገብ ያየሁት የአያትና የልጅ ልጅ አለመግባባት አልነበረም። ሁለቱም አማርኛ ነው የተናገሩት፣ ሁለቱም "ጥቁር" ነው ያሉት፣ ግን የተናገሩት አንድ ቃል አልነበረም። የእናቴ "ጥቁር" የቆዳ መልክ ነው፤ በአንድ ቤት ከአንድ ማሕፀን የወጡትን ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር ብሎ ይለያል። የልጅቷ "ጥቁር" ግን ወገን ነው፤ ጠይሟንም ቀይ ዳማውንም ኪንግስተን ላይ ያለውንም ሰው አንድ ላይ ይጠራል። የመጀመሪያው የቤት ልጅ ነው። ሁለተኛው ጥቁር እንግዳ ነው።

ይህን ስል ፈሊጡን ልብ በሉልኝ። ጥቁር እንግዳ የሚባለው ከዚያ በፊት ደጃችንን ረግጦ የማያውቅ፣ ጓዳችንን የማናሳየው፣ ጥሩው ምንጣፍ የሚነጠፍለት ሰው ነው። ፈረንጅም ቢሆን ጥቁር እንግዳ ነው። እዚህ ላይ ጥቁር ማለት የማይታወቅ፣ ያልተገለጠ ማለት ነው። ቃሉ በአማርኛ ውስጥ ሲዘዋወር እንዲህ ቤት እየቀያየረ ነው። ፊቱን ያጠቆረ ሰው ተቆጥቷል፤ ሰማዩ ከጠቆረ ልብስ ከገመድ ላይ ይነሣል፤ ጥቁር የለበሰች ሐዘን ላይ ናት፤ ጥቁር ገበያ ከሕግ ዓይን የተደበቀ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአርበኞች ማኅበር ስም ሆኖ ዛሬ ሆስፒታሉን ይጠራል። ሌላው ዓለም ሰማያዊ ብሎ የሚጠራውን ወንዝ እንኳ እኛ ጥቁር ዓባይ ነው የምንለው። የሱዳን ዐረብኛ ለዚያው ወንዝ የሚጠቀምበት "አዝረቅ" ሰማያዊም ጥቁርም ይሆናል፤ ሌላው ዓለም ሰማያዊውን ያዘ፣ እኛ ጥቁሩን። ከዚህ ሁሉ መሀል ዘር የሚባል ትርጉም አላየንም።

ወደ ኋላ እንሂድ። ግእዝ ለዚህ ቀለም "ጸሊም" ነው የሚለው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ እንደዚያው ይላል። አማርኛ ጸሊምን ትቶ ጠቆረን ያዘ፤ ግን አሮጌውን ቃል ጨርሶ አልጣለውም። ጸ ወደ ጨ ተለወጠና ጨለማ ሆኖ ቀረ። እናቴ የተመጻደቀችበት "ጠይም" ራሱ የጸሊም የሩቅ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ጸ ጠ ሲሆን፣ ለ ወደ የ ሲላላ አማርኛ ውስጥ ብርቅ አይደለም። እንዲያ ከሆነ እናቴ "ጥቁር አይደለሁም፣ ጠይም ነኝ" ስትል በሥርወ ቃል ሕግ "ጥቁር አይደለሁም፣ ጥቁር ነኝ" ማለቷ ነው። ይህን አልነገርኳትም። ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር።

ጸሊም በድንጋይ ላይም አለ። የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው የግእዝ ጽሑፍ ስለ ጥቁር ሕዝብና ስለ ቀይ ሕዝብ ይናገራል። ቀይና ጥቁር ብሎ መለየት ፈረንጅ ያመጣብን ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ይታያል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ኖባዎች ከበደሏቸው ሕዝቦች መካከል አንዱ "ባርያ" መባሉ ነው። ሙሉ የሕዝብ ስም! ንጉሡ የሚዘምተው የእነሱንም በደል እያነሳ ነው። ያ ሕዝብ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ራሱን ናራ ብሎ ይጠራል። ያው ስም በአማርኛና በትግርኛ የሚሸጥ የሚለወጥ ሰው መጠሪያ የሆነ ይመስላል፤ እንዴት እንደሆነ ማንም ሊገምተው ይችላል፤ አውሮፓ ውስጥም የስላቭ ሕዝብ ስም በላቲን አድርጎ የባርያ መጠሪያ ሆኗል። ተደጋግሞ የተማረከ ሕዝብ ስሙንም ይማረካል።

አማርኛ ስለ ዘር ማውራት ሲፈልግ የተጠቀመባቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፤ ባርያና ሻንቅላ። "ጥቁር" አይደለም። የምዕራብ ቆላ ሕዝቦችን፣ ጉሙዙንም በርታውንም፣ የራሳቸውን ስም ነጥቆ በአንድ ጅራፍ የጠራው ሻንቅላ የሚለው ቃል ነው። በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ቃሎቹ ግን በአዋጅ አይሻሩም። እኔ ተማሪ ሳለሁ በክፍላችን በጣም የጠቆረውን ልጅ በዚህ ስም የሚጠራ ነበር፤ ጠሪው በየወሩ ከሁላችን በፊት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ልጅ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለመካሰስ አይደለም፤ አንድ የታሪክ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ስለሚፈታ፣ ቢያንስ ስለሚላላ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ልዑክ ይዞ አዲስ አበባ የመጣው ሮበርት ስኪነር በ1906 መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ላይ ስለ ሃይቲው ቤኒቶ ሲልቫን ይተርካል። ሲልቫን ከዐድዋ ድል ማግሥት በ1897 ባሕር አቋርጦ ምኒልክ ዘንድ ደርሶ የዓለምን ጥቁሮች በአንድ ማኅበር ለማሰባሰብ ያለውን ሐሳብ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱም ሐሳቡን አመስግነው፣ ነገር ግን እርሳቸው "ኔግሮ" እንዳልሆኑ ነገሩት ይላል ስኪነር። ይህችን ወሬ አንዱ ይዞ "ይኸው፣ ኢትዮጵያውያን ጥቁርነትን ክደዋል" ይላል፤ ሌላው "ፈረንጅ የፈጠረው ነው" ብሎ ይጥላታል። ሁለቱም ወገን የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ አስተርጓሚው ምን አለ?

ሲልቫን አማርኛ አይናገርም፤ ምኒልክ ፈረንሳይኛ አይናገሩም። በመሀላቸው አንድ ሰው ቆሟል። ያ ሰው "ኔግሮ" የሚለውን የፈረንጅ ቃል በዘመኑ አማርኛ ሲያስቀምጠው እጁ ላይ ምን ቃል ነበረው? "ጥቁር" ቢል ምኒልክ ራሳቸው በመልክ ጥቁር ናቸውና መካድ አያስፈልጋቸውም፤ እናቴ እንኳ ብታያቸው ከእኔ ጋር ትመድባቸው ነበር። ያ ሰው "ሻንቅላ" ወይም "ባርያ" ብሎ ከሆነ ግን መልሱ ሌላ ነው። ያኔ ንጉሡ የካዱት ጥቁርነትን ሳይሆን ባርነትን ነው። ይህ ደግሞ በራሱ ጥሩ ዜና አይደለም፤ በአገራቸው እንዲያ የሚጠራ ሕዝብ ነበረና። ማስረጃ የለኝም፤ የአራሚ ግምት ነው። የማስተርጎሙን ነገር ሳይመረምር በዚህች ወሬ ላይ ምዕራፍ የሚጽፍ ሰው ግን ብዕሩን ትንሽ ቢያቆይ እመርጣለሁ።

ሲልቫን ራሱ በሩ ተዘግቶብኝ ተመለስኩ ብሎ አልተቀመጠም። በ1900 ሎንዶን በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ሲገኝ የምኒልክ ረዳት መኮንን ተብሎ ነው የተመዘገበው። በዓመቱ ደግሞ ፓሪስ ላይ በቅኝ ግዛት ውስጥ ስላሉ ተወላጆች ዕጣ የጻፈውን የሕግ ዶክትሬት ጽሑፉን አሳተመ። የእህቴ ልጅ ዛሬ የምትማረው ትምህርት ስም ሳይወጣለት፣ ክፍልና ወንበር ሳይኖረው፣ የዐድዋን ዘመን ያየ ሰው ዶክትሬት ሠርቶበታል ማለት ነው።

ከሎንዶኑ ጉባኤ ተሳታፊዎች አንዱ ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ ነበር፤ በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ። ዱቦይስ የቃል ሰው ነበር። "ኔግሮ" የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በትንሹ ፊደል ሲጻፍ ያንገበግበው ነበርና በትልቁ ፊደል እንዲጻፍ ዓመታት ሙሉ ተሟገተ፤ ኒው ዮርክ ታይምስ በ1930 እጅ ሰጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንፈስ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ "ኔግሮ"ን ጨርሰው ጥለው ለዘመናት ስድብ ሆኖ የኖረውን "ብላክ" አንስተው ለበሱት። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ1968 ተማሪዎች ለወራት ትምህርት አቁመው ያስከፈቱት የትምህርት ክፍል በዚህ ስም ነው የተጠራው። አሶሼትድ ፕሬስ "ብላክ"ን በትልቅ ፊደል መጻፍ የጀመረው ገና በ2020 ነው።

እኛ ትልቅ ፊደል የለንም። ሀ ሁሌም ሀ ነው፤ የንጉሡም የባርያውም ስም በእኩል ቁመት ይጻፋል። ታዲያ አማርኛ ያንን ማዕረግ በምን ሰጠው? በጎን ቃል። "ጥቁሩ ሰውዬ" ስንል አራት ሆነው ከተቀመጡት መካከል ጠቆር ያለውን ማለታችን ነው፤ ሒሳብ የሚከፍለው እሱ እንደሆነ ለአስተናጋጁ ስንጠቁም። "ጥቁር ሰው" ስንል ግን ዐድዋ ነው። ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. አልበሙን "ጥቁር ሰው" ሲለው ስለ ቆዳ የሚያወራ መስሎት የተሳሳተ ሰው አልነበረም። "ጥቁር ሕዝብ"ም እንደዚያው ነው። ሰው ወይም ሕዝብ የሚል ቃል ተከትሎት ምንም ምልክት ሳይጨመርበት ሲቀር ጥቁር ከመልክ ወደ ወገን ይሻገራል። አንዲት "ኡ" ብትጨመር ተመልሶ ቆዳ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የሌላው ዓለም ጥቁሮች በእኛ ስም ራሳቸውን ሲጠሩ እኛ አለመስማታችን ነው። ግሪኮች "አይቲዮፕስ" ያሉት ማቃጠልና ፊት ከሚሉ ሁለት ቃላት ገጥመው ነው፤ ፀሐይ ያከሰለው ፊት እንደ ማለት። የአገራችን ሊቃውንት የኩሽ ልጅ ከሆነው ከኢትዮጲስ ያወርዱታል፤ ሁለቱም ታሪክ የየራሱ ወዳጅ አለው። ዔዛና ግሪክኛውን ሲያስጽፍ "ኢትዮጵያውያን" ያለበትን ቦታ በግእዙ "ሐበሠት" ብሎታል፤ ጥቁር ፊት ማለቱ እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው። ዕብራይስጡ ኩሽ ያለውን የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያ ብሎ ተረጎመ፤ እንግሊዝኛው ከዚያ ቀዳ፤ በእንግሊዝኛው ያነበቡ በአሜሪካ በባርነት የነበሩ ሰዎች ኢትዮጵያ እጆቿን ስለመዘርጋቷ በሚናገረው መዝሙር ውስጥ ራሳቸውን አገኙ። በ1808 ኒው ዮርክ ላይ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። በ1829 ሮበርት ያንግ የኢትዮጵያውያን ማኒፌስቶ ብሎ አሳተመ፤ ስለ ጎንደር ወይም ስለ ሸዋ አንድም ጉዳይ ኖሮት አይደለም። የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር በ1920 መዝሙሩን የኢትዮጵያ መዝሙር ብሎ ሰየመ። በዚያ ዘመን ኒው ዮርክ ላይ "የኢትዮጵያ ጥናት" ብትሉት ሰውየው ስለ ራሱ የምታወሩ ይመስለዋል። ስድስት ኪሎ በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲከፈት ግን ቃሉ ወደ ሌላ መጋዘን ገብቶ ነበር፦ ብራና፣ የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የመስቀል ዓይነት።

ኡራኤል ላይ ተቀምጦ ስለ ጥቁርና ነጭ የሚጽፍ ሰው ጎረቤቱን ካዛንቺስን ዘሎ ማለፍ አይችልም። ስሙን ልጅ ሳለን አንድ የቻይና ሰው ስም ይመስለን ነበር። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ተቋም ነበራቸው፤ ኢስቲቱቶ ናዚዮናሌ ካዜ ኢምፒዬጋቲ ዴሎ ስታቶ፤ ሲያሳጥሩት ኢንቺስ። ካዛ ቤት ነው፤ ሲበዛ ካዜ። የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዜ ኢንቺስ፣ ካዛንቺስ። እንግዲህ ሰፈሩ በስሙ ውስጥ ቤትን ሁለት ጊዜ ይላል። ቤቶቹ የተሠሩት ለነጭ ሠራተኛ ነው፤ ዘመኑም ሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የጣሊያን ሕግ ከተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በእስራት የሚቀጣበት ነበር። የአገሬው ሰው ሰፈርና የነጭ ሰፈር በካርታ ላይ ተለያይቶ ተሠመረ። የአዲስ አበባ ሰው "ጥቁር" የሚለው ቃል የወገን ስም መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንደር አጥር የተማረው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ቀይ ዳማውም፣ ጠይሙም፣ ትናንት ባርያ ሲባል የነበረውም ከአጥሩ በአንድ ወገን ቆሙ።

በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲፈርስ ስሙ ከቤቶቹ በላይ ዕድሜ እንዳለው አየን። ታክሲው ዛሬም "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" ይላል።

ከእናቴ ቤት ተነስቶ ቁልቁል በእግር ለሚሄድ ሰው አፍሪካ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። የሠራው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ ጣሊያናዊ! በ1961 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያ ተፈረመ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያልፍበት ወለሉ ላይ የሚወድቀውን ቀለም በስም ለመጥራት አማርኛም ጣሊያንኛም ያንሳል። የእህቴን ልጅ ወስጃት ነበር። ቀይ መብራት እጇ ላይ ወድቆ፣ "አጎቴ፣ ለመሆኑ የትምህርቴን ስም በአማርኛ ምን ልበለው?" አለችኝ።

"ጥቁር ጥናት" አይሆንም፤ እንደ ጥቁር ገበያ የተደበቀ ነገር ይመስላል። "የጥቁሮች ጥናት" ከሩቅ ሆኖ በመነጽር ማየት ነው። "የጥቁር ሕዝብ ጥናት" አልኳት። "ጥናት" የሚለው ቃልም ቢሆን መናቅ የለበትም። ግእዙ ጸንዐ ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ። ጸ ወደ ጠ ሲዞር ጠና፣ አጠና፣ ጥናት ሆነ፤ ጸ እንዳለ ሲቀር ጽናት። ማጥናት ማለት ማጽናት ነው፤ የያዙትን እንዳይነቃነቅ አድርጎ ማቆም። (ከአጠነና ከዕጣን ጋር አይዛመድም፤ ያኛው በዐይኑ ዐ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለምንኖር እንዳይምታታ።) አምስትና ስድስት ዓመት በአንድ ጽሑፍ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ጥናትና ጽናት መንታ መሆናቸውን ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል።

ከሁሉም የከበደኝ "ዶክተር" የሚለው ነው። ላቲኑ ማስተማር ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ዶክተር መምህር ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ነጭ ካፖርት ለብሶ መጣና የዐረብኛውን ሐኪም ተሻምቶ ተቀመጠ። ለዚህ አንድ ምሳሌ ቢጠየቅ መላኩ በያን ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፣ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርቶ፣ የጥቁር ሕዝብ ጋዜጣ እያዘጋጀ በ1940 በወጣትነቱ ያረፈው ዶክተር መላኩ። በ1934 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን ከመሠረቱት መካከል ሃዋርድ የነበረው ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ዋናው ነው፤ መላኩም አብሮት ነበር። ሃንስበሪ ከ1922 ጀምሮ ስለ አፍሪካ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሲያስተምር ኖሮ ዶክትሬት ሳይይዝ አለፈ፤ እርሱ በያዘው ርእስ ሊመራው የሚችል መምህር አልተገኘም። በ1964 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለአፍሪካ ምርምር ያዘጋጀውን የመጀመሪያ ሽልማት ሰጠው። በጥቁር አሜሪካውያን ጥናት የዶክትሬት ትምህርት የከፈተ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ቴምፕል ነው፤ በ1988፤ ሃንስበሪ ካረፈ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ። እንግዲህ ዶክተር የሆነው ሰው ሐኪም ነበር፤ የትምህርቱ አባት ደግሞ ዶክተር አልነበረም።

ልጅቷ ልትመለስ ስትል ወሩ ዞሮ እንደገና ሃያ ሁለት ሆነ። ቤቱ ሞልቷል። በሩ አጠገብ የእናቴ ጎረቤት፣ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ይቺ ናት የልጅ ልጅሽ? ምን ትማራለች አሉ?"

"ዶክተር ልትሆን ነው" አለች እናቴ።

"የምን ዶክተር?"

እናቴ ልጅቷን ገልመጥ አድርጋ አየቻት፤ የተሳሳተች እንደሆነ እንድታርማት። "የጥቁር ሰው" አለች።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ጋቢውን ወደ ትከሻቸው ገፍተው፣ የኮታቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ክንዳቸውን ዘረጉላት። ልጅቷም ምን ታድርግ፤ ጠጋ ብላ እጃቸውን ያዘችና ሰዓቷን ታይ ጀመር።